«በመርህ ደረጃ» የምትባል ቃል እና የ1969ኙ ጦርነት

ካራማራን፣ ጅጅጋ አጠገብ ከሶማሊያ ጋር የተዋጋንበትን ተራራ፣ የማያውቅ የለም። የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ፎቶው ይለጠፋል፣ ቀረርቶው ይለቀቃል፣ ሁለት ቀን ይሞቃል፣ ከዚያ ዝም ነው። እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ ግን ከተራራው ውጊያ ይልቅ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት በየቤተ መንግሥቱ የተሠራው ሥራ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የሶማሊያ ጦር የሶቪየት ታንክ እየነዳ መጣ፣ የእኛ አየር ኃይል በአሜሪካ አውሮፕላን ተቀበለው። ሲያልቅ የሶቪየት ጄኔራሎች ከእኛ መኮንኖች ጋር አንድ ካርታ ላይ አጎንብሰዋል፣ የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ደግሞ የአሜሪካን በር እያንኳኳ ነው። ኳስ ላይ እንኳ ቡድኖች ሜዳ የሚቀያየሩት በእረፍት ሰዓት ነው። እነዚህ ግን ኳሱ እየተንከባለለ ተቀያየሩ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ «የአሜሪካው ካርተር ከዳን፣ የሶቪየቱ ብሬዥኔቭ ደረሰልን» ብሎ ይዘጋዋል። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። የቀረውን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። መሣሪያ መግዛት ስኳር እንደመግዛት አይደለም። ስኳሩን ገዝተህ ቤትህ ከገባህ ባለሱቁ ምን አገባው? ታንክ ግን ጥይቱ ያልቃል፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ሞተሩ ይነክሳል፣ ለሁሉም ተመልሰህ የምትሄደው ወደ ሻጩ ነው። አውሮፕላን ደግሞ የባሰ ነው። አብራሪው እነሱ አገር ሰልጥኖ፣ መካኒኩ በእነሱ ቋንቋ ተምሮ፣ ጎማው ሳይቀር ከእነሱ መጥቶ ነው የሚነሳው። ስለዚህ መሣሪያ የሰጠህ መንግሥት ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነው የሚሄደው። ይህን ካልያዝን የ1969ኙ ነገር ሁሉ እብደት ይመስላል።

የእኛ ቁልፍ በአሜሪካ ኪስ የገባው በ1945 በተፈረመው ስምምነት ነው። አሜሪካ አስመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የመገናኛና የመጥለፊያ ጣቢያ ተጠቀመች፣ በምላሹ የንጉሡን ጦር አስታጠቀች፣ አሰለጠነች። ለዓመታት ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የኢትዮጵያን ያህል የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ያገኘ አልነበረም። ሶማሊያ ደግሞ በ1952 ነጻ ስትወጣ ባንዲራዋ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ አደረገች። ከአምስቱ ጫፎች አንዱ ኦጋዴን ነው፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ የኬንያ ሰሜን ምስራቅ። ይህን ሕልም ለማስታጠቅ ምዕራባውያን ብዙም አልደፈሩም፤ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን እርዳታ አቀረቡ። ሶቪየት በ1956 ወደ 30 ሚሊዮን አቀረበች። ሞቃዲሾ የትኛውን እንደወሰደች መናገር አያስፈልግም። በ1962 ዚያድ ባሬ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፣ በ1966 ከሶቪየት ጋር የወዳጅነት ውል ፈረመ፣ በርበራ ላይ ለሶቪየት ባሕር ኃይል ወደብ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የሚሳይል መጋዘን ተሠራ። በታንክ ብዛት ሶማሊያ እኛን በእጥፍ በእጥፍ በለጠችን። ሕዝቧ የእኛን ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር።

እዚህ ላይ አብዮቱ መጣና ሁሉን ነገር ገለበጠው።

ደርግ ሶሻሊስት ነኝ ካለ በኋላም ለሁለት ዓመት ያህል መሣሪያ የሚገዛው ከአሜሪካ ነበር። ይህን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም እየተባለ በሰልፍ ይጮኻል፣ ማታ የመለዋወጫ ዝርዝር ወደ ዋሽንግተን ይላካል። ምን ያድርጉ፣ ቁልፉ እዚያ ነው። ግን በጎን በታኅሣሥ 1969 የደርግ ልዑካን ሞስኮ ሄደው የመጀመሪያውን የመሣሪያ ስምምነት በምስጢር ፈረሙ። መጠኑ ትንሽ ነበር። ሶቪየቶቹ ገና አላመኑንም።

ከዚያ የጥር ወርን ተመልከቱ። ጥር 12 ጂሚ ካርተር ፕሬዝዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ጥር 26፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እነ ጄኔራል ተፈሪ በንቲን አስገድሎ ብቻውን ወጣ። አንዱ «ሰብዓዊ መብት የውጭ ፖሊሲያችን መሠረት ነው» ብሎ የገባ፣ ሌላው ስብሰባውን በጥይት የዘጋ። እነዚህ ሁለቱ እንዴት ይስማሙ? የካቲት ሳያልቅ የካርተር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ ለአርጀንቲና፣ ለኡራጓይና ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ወታደራዊ እርዳታ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት እንደሚቀነስ ተናገረ።

ልብ በሉ፣ ሌሎች መብት የሚረግጡ ወዳጆችም ነበሩ፣ ደቡብ ኮሪያን የመሰሉ። እነሱ አልተነኩም፣ ምክንያቱም ለአሜሪካ ደህንነት ያስፈልጋሉ ተባለ። እኛ የተነካነው ሥራችን ስለከፋ ብቻ ሳይሆን ዋጋችን ስለወረደም ነው። ቃኘው ድሮ የነበረውን ያህል አያስፈልግም ነበር፤ ሳተላይት መጥቷል፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የዲዬጎ ጋርሲያ ጦር ሰፈር አለ። አሜሪካ ራሷ ጣቢያውን በዚያው ዓመት ለመዝጋት ወስና ለደርግ አሳውቃ ነበር። የማያስፈልግህን ሰው መገሠጽ ቀላል ነው። የቀይ ሽብሩ ግፍ እውነት ነው፣ ያኔ መሣሪያ መስጠት ነውር ነበር የሚል ሰው ትክክል ነው። ግን ውሳኔውን ያወጣው ሕሊና ብቻ ነው የሚለኝን አልሰማውም።

መንግሥቱ ሚያዝያ 15 መልሱን ሰጠ። ቃኘው፣ የወታደራዊ አማካሪዎቹ ቡድን፣ የማስታወቂያ ማዕከሉ፣ የባሕር ኃይሉ የሕክምና ምርምር ጣቢያ፣ የአስመራው ቆንስላ፣ ሁሉም በአራት ቀን ውስጥ ይዘጉ አለ። ትልቅ ቁማር ነበር። በዚያን ሰዓት ሰሜኑ ላይ የኤርትራ ነጻ አውጪዎቹ ሻዕቢያና ጀብሃ ከተሞችን እየያዙ ነው፣ በሱዳን በኩል የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ሑመራን ይዟል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከኢሕአፓ ጋር መገዳደሉ ጦፏል፣ በምስራቅ የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ተዋጊዎች ሰርገው እየገቡ ነው። የእናት አገር ጥሪ ታውጆ ገበሬው ታጠቅ ጦር ሰፈር እየሰለጠነ ነው። እና በዚህ መሃል የመሣሪያ አቅራቢህን ታባርራለህ? መንግሥቱ ያባረረው አዲሱ በር መከፈቱን ስላየ ነው። በዚያው ሚያዝያ መጨረሻ ሞስኮ ሄደ፣ ትልቁን ስምምነት ይዞ ተመለሰ።

ሶቪየቶቹ ያኔ የተመኙት ሁለቱንም አገር መያዝ ነው። ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ይላሉ፣ ለምን ይጣላሉ? ይህን የማስታረቅ ሥራ ፊደል ካስትሮ ወሰደው። በመጋቢት ሞቃዲሾን ጎበኘ፣ አዲስ አበባን ጎበኘ፣ ከዚያ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ሐሳቡ ደቡብ የመንም ያለችበት የሶሻሊስት አገሮች ፌደሬሽን ነበር። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ዚያድ ባሬ ግን መጀመሪያ ኦጋዴን ይለይለት አለ፣ መንግሥቱ ከአገሬ መሬት ስንዝር አልሰጥም አለ፣ ሽምግልናው በአንድ ሌሊት ፈረሰ። ካስትሮ ከዚያ ምስራቅ ጀርመን ሄዶ ለአገሪቱ መሪ ለሆኔከር የነገረው ይገርማል፦ ዚያድ ባሬን ከምንም በላይ ጠባብ ብሔርተኛ ሲለው መንግሥቱን እውነተኛ አብዮተኛ አለው። ሽማግሌው ተመልሶ አንዱን ወገን ያዘ ማለት ነው። ኋላ የኩባ ወታደር የመጣው ከዚች ግምገማ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

አሁን ወደ ቃሏ እንምጣ።

ዚያድ ባሬ ሶቪየት ወደ አዲስ አበባ ማዘንበሏን አየ። ደነገጠ፣ ግን ዕድልም አየ፤ የኢትዮጵያ ጦር ከአሜሪካ ተጣልቷል፣ ከሶቪየት ገና አልተቀበለም፣ በአምስት አቅጣጫ ተወጥሯል። እንዲህ ያለ ቀን ዳግም አይመጣም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶቪየት ብትቆርጥበት ማን ይተካል? ሳውዲዎች ሶቪየትን ካባረርክ ገንዘብ አለን አሉት። ገንዘብ ግን ታንክ አይደለም። ዋሽንግተንን ጠየቀ። በሐምሌ መጀመሪያ ላይ መልስ መጣ፦ አሜሪካ የሶማሊያን የመከላከያ ፍላጎት ለማገዝ «በመርህ ደረጃ» ፈቃደኛ ናት። እንግሊዝና ፈረንሳይም በዚሁ መንፈስ ተናገሩ።

በመርህ ደረጃ። ቢሮ ጉዳይ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። አለቃው «ጥያቄህን በመርህ ደረጃ ተቀብለነዋል» ካለህ ደብዳቤው እንዳልተጻፈ፣ ማኅተሙ እንዳልተመታ፣ ምናልባትም በጀቱ እንደሌለ ይገባሃል። ወደ ቤትህ ሄደህ ትጠብቃለህ እንጂ አሮጌውን ቤትህን አታፈርስም። በዲፕሎማሲ ቋንቋም ያው ነው። «በመርህ ደረጃ» ማለት ወዳጅ መሆን እንፈልጋለን፣ ስንት፣ መቼና ለምን የሚለውን ግን ገና አልተነጋገርንም ማለት ነው። «የመከላከያ» የምትለው ቃል ደግሞ ሌላ ገመድ አላት፤ የሰውን ድንበር ጥሰህ ከገባህ መከላከል አይባልም፣ ስለዚህ ስምምነቱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

ጭራሽ ደግሞ ለዚያድ ባሬ ቅርበት ያለው አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ከዋሽንግተን መልእክት ይዞ ሞቃዲሾ እንደገባ ኋላ ላይ ለሕዝብ ወጣ። በኦጋዴን የሽምቅ ተዋጊዎች ግፊት ቢጨምር አሜሪካ አትከፋም የሚል ዓይነት ነው መልእክቱ። የአሜሪካ ባለሥልጣናት እንዲያ አላልንም አሉ። ማን ምን እንዳለ ዛሬም ያከራክራል፣ ሰሚው ምን እንደሰማ ግን ግልጽ ነው። መሪዎች በጆሮ ጠቢና በሐኪም አፍ ሲነጋገሩ ሁሉም የሚሰማው መስማት የፈለገውን ነው።

ዚያድ ባሬ ጦሩን ያዘመተው በዚህች ቃል ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ ዝግጅቱ ቀድሞ ነበር። ግን አበረታችው። በዚያው ሐምሌ መደበኛው ጦር በታንክና በመድፍ ኦጋዴን ገባ። በሳምንታት ውስጥ አብዛኛውን ቆላ ያዘ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፣ መስከረም ሲጠባ ጅጅጋ ወደቀች። አሜሪካ ደግሞ ነገሩ ወረራ መሆኑን ስታይ እጇን ሰበሰበች። ጦርነት ውስጥ ላለ አገር መሣሪያ አንሰጥም አለች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም ተከተሉ። ከዚያም አልፋ አሜሪካ ሠራሽ መሣሪያ ያላቸው ወዳጆቿ ለሶማሊያ እንዳያስተላልፉ ከለከለች። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው ያልኩት ይህን ነው። ሳውዲም ሆነች ኢራን የገዛችውን መሣሪያ ያለ ሻጩ ፈቃድ ለጎረቤት ማዋስ አትችልም።

አፍሪካስ? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የወረስነው ድንበር ይከበር ብሎ ወስኖ ነበር፣ ሶማሊያ ያኔም አልተቀበለችም። አሁን ሸምጋይ ኮሚቴው ሊብረቪል ተሰብስቦ ያንኑ ደገመ። ሰው ይህን ውሳኔ ወረቀት ነው ብሎ ይንቀዋል፣ እኔ ግን ብዙ ዋጋ ያለው ይመስለኛል። ካርተር እጁን የሰበሰበበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ወራሪን ካስታጠቀ መላው አፍሪካ ይጮህበታል። ኬንያ በተለይ አልተኛችም፣ የኮከቡ አንድ ጫፍ የእሷ መሬት ነዋ። ወደ ሶማሊያ መሣሪያ ጭኖ ይሄድ የነበረ የግብፅ አውሮፕላንን በየካቲት 1970 ናይሮቢ ላይ አስገድዳ አሳረፈች።

በዚህ ሁሉ መሃል የእኛ አየር ኃይል በምን ይበራል? ኤፍ-5ቶቹ የአሜሪካ ናቸው፣ አሜሪካ ዘግታለች። እዚህ ላይ እስራኤል ትገባለች። የቀይ ባሕር ዳርቻ በሙሉ በዓረብ አገሮች እጅ እንዳይወድቅ ስለምትፈልግ ሶሻሊስቱን ደርግ በስውር መለዋወጫና ጥይት ሰጠችው። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊን ካርተርን ራሱን ኢትዮጵያን እርዳ ብሎ ጠይቆት ነበር። የጠየቀው ዋጋም ነበረው፤ መሣሪያ አራግፈው በሚመለሱ አውሮፕላኖች ቤተ እስራኤላውያን እንዲሄዱ። በነሐሴ 1969 እና ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በሁለት በረራ ወደ 120 የሚሆኑ ሰዎች ወጡ። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ልጅና የልጅ ልጅ ያፈሩ ቤተሰቦች አሉ፣ መንገዳቸው የተከፈተው በጥይት ሣጥን ጀርባ ነው። ከዚያ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በጥር 1970 መጨረሻ ላይ አውሮፓ ውስጥ ለጋዜጠኞች «አዎ፣ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንሸጣለን» ብሎ አፈነዳው። መንግሥቱ ከዓረቦቹ ከነሊቢያና ደቡብ የመን ጋር ተወዳጅቶ ነበርና አፈረ፣ እስራኤላውያኑን አስወጣ። በድብቅ የተሰጠ ነገር አንዱ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሰጪው አንድ ቀን አፉን ሲከፍት ተቀባዩ ባለዕዳም ከሃዲም ይሆናል።

ዚያድ ባሬ በነሐሴ መጨረሻ ሞስኮ ሄዶ ነበር፣ ብሬዥኔቭ ሳያገኘው ተመለሰ። መልእክቱ ይበቃ ነበር። በጥቅምት ሶቪየት ለሶማሊያ መሣሪያ መላክ ማቆሟን በግልጽ ተናገረች። በዚያው ሳምንት ሞቃዲሾ ላይ የተጠለፈ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ነበር፤ ዚያድ ባሬ የምዕራብ ጀርመን ኮማንዶ ገብቶ ታጋቾቹን እንዲያስለቅቅ ፈቀደ። ምዕራቡ ዓለም አጨበጨበ። ጀርመኖቹ በገንዘብ አመሰገኑት። ጭብጨባውን ግን እንደገና የመሣሪያ ተስፋ አድርጎ ቆጠረው። ኅዳር 4 ቀን 1970 የወዳጅነቱን ውል ቀደደ፣ ለሶቪየት አማካሪዎች አንድ ሳምንት ሰጥቶ አባረረ፣ በርበራን ዘጋ፣ ከኩባ ጋር ግንኙነቱን ቆረጠ። በእጁ ያለው ታንክ ሁሉ የሶቪየት ነው። መለዋወጫው የሶቪየት ነው። እሱ ግን ሻጩን አባርሮ ገና «በመርህ ደረጃ» እሺ ያለውን ይጠብቃል።

መንግሥቱም በሚያዝያ ሻጩን አባርሯል፣ ልዩነታቸው ምንድነው? መንግሥቱ መጀመሪያ የፈረመው ነበር። ዚያድ ባሬ የፈረመለት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ያልቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሶቪየት ጭነት አውሮፕላኖች መጉረፍ ጀመሩ፣ መርከቦቹ አሰብ ላይ አራገፉ። የመጣው መሣሪያ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገመት ይነገራል፣ ይህ ከአሜሪካ በሩብ ክፍለ ዘመን ካገኘነው የሚበልጥ ነው። ካስትሮ በኅዳር አጋማሽ ተዋጊ ጦር ለመላክ ወሰነ፣ ከ12 ሺህ በላይ ኩባውያን መጡ። ደቡብ የመንም ወታደር ላከች። ዘመቻውን ያቀናጀው ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ነው። አማካሪዎቹ ውስጥ ደግሞ ትናንት ሞቃዲሾ የሶማሊያን ጦር ሲያሰለጥኑ የከረሙ ነበሩ። የሰፈሩን ካርታ፣ የአዛዦቹን ጠባይ፣ የታንኩን ብዛት በቃላቸው ያውቁታል። የቤት ሠራተኛ ጎረቤት ተቀጠረች ማለት ነው እንግዲህ።

ዋሽንግተን ውስጥ ያኔ ጠብ ነበር። የብሔራዊ ደህንነት አማካሪው ብሬዥንስኪ የሶቪየትና የኩባ ጦር አፍሪካ ውስጥ እንዲህ መፈንጨቱ አናደደውና አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ አካባቢው ይላክ አለ። ቫንስና የመከላከያ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ብራውን እምቢ አሉ፤ ልከን ምን እናደርጋለን? ዚያድ ባሬ ቢሸነፍ መርከባችንም አብሮ የተሸነፈ ይመስላል። ካርተር ቫንስን ሰማ። ብሬዥንስኪ ኋላ ላይ የኑክሌር መሣሪያ ቅነሳው ስምምነት ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ ብሎ የተናገረው ከዚህ ተነስቶ ነው። እኔ ቫንስ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፣ ቢያንስ በዚህ። ካርተር የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ በየካቲት የብሬዥንስኪን ምክትል አዲስ አበባ ላከ፣ መንግሥቱ የሶማሊያን ድንበር እንደማይሻገር ቃል ገባ። ያ ቃል ተጠበቀ። ሶቪየቶቹም ቢሆኑ ሞቃዲሾ ድረስ መዝመቱን አልፈለጉትም።

የካቲት 26 ጅጅጋ ተመለሰች። ከባድ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮች ተሽከርካሪና ወታደር ከተራራው ጀርባ አውርደው ነበር፣ ፊት ለፊት የሚጠብቀው ጦር ከኋላ ተያዘ። በአራተኛው ቀን ዚያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ፤ ዜናውን ለዓለም የነገረው ካርተር ራሱ ነው። ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋል። የኦጋዴን ሶማሌ በመቶ ሺዎች ድንበር ተሻግሮ መጠለያ ውስጥ ገባ፣ እሱን ሁለቱም አሸናፊና ተሸናፊ በጭብጨባቸው ውስጥ አልቆጠሩትም። ከመጣው መሣሪያ ብዙው በወራት ውስጥ ፊቱን ወደ ኤርትራ አዞረ።

በርበራ ግን ባዶውን አልቀረም። አፍጋኒስታን በሶቪየት ጦር ከተወረረች በኋላ አሜሪካ በሕንድ ውቅያኖስ አካባቢ ማረፊያ ስትፈልግ በነሐሴ 1972 ከዚያድ ባሬ ጋር ተፈራረመች። ሶቪየት የሠራውን ወደብና ማረፊያ አሜሪካ ትጠቀማለች፣ ሶማሊያ በሁለት ዓመት ውስጥ በዱቤ የ40 ሚሊዮን ዶላር መሣሪያ ታገኛለች፣ የመከላከያ መሣሪያ ብቻ። የአሜሪካ ኮንግረስ ውሉን ሲያየው ደግሞ አንድ ጥያቄ አነሳ፤ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ከኦጋዴን ጨርሶ መውጣቱ ይረጋገጥልን፣ እስከዚያ ድረስ ይቆይ።